ወንበር የለቀቁ

«ጻፊ» አሉ መምህር ክንዱ፣ የማኪያቶውን ብርጭቆ ገፋ አድርገው። «ፕሬዚዳንቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጥፋቱ፣ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ 'ሁሉም ሰላም ነው' እያለ መክረሙ ነው።»

ልጃቸው ዜማ መተየብ ጀመረችና እጇ ቆመ።

ጣና ዳር ያለው ይህ ካፌ እሁድ ከሰዓት ጭር ይላል። የታሪክ መምህር የነበሩት ክንዱ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥልጣን ስለለቀቁና አንለቅም ስላሉ ፕሬዚዳንቶች መጽሐፍ ይጽፋሉ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትተይባለች። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። ለነገሩ እሳቸውም አንዲት ሹመት አለቻቸው። የሰንበቴ ማኅበራቸው መሪ፣ «ሙሴ» ናቸው፤ በየእሁዱ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛውንና ነዳያኑን የሚያበላውን ተረኛ አስቀድመው የሚያሳውቁት እሳቸው ናቸው። ሃያ አንድ ዓመት! የሰንበቴ ቤቱን ቁልፍ እንኳ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚተኙት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ማልዶ የሚያስነሳቸው ይኸው ሹመት ብቻ እንደሆነ ዜማ ታውቃለች።

«ምነው ቆምሽ?»

«አባዬ፣ የዛሬውን ዳቦና ጠላ ያመጣው ማን ነው?»

«ተረኛው ነዋ።»

«ተረኛው ማን ነበር?»

መምህሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ስም ግን አልመጣላቸውም።

«እርስዎ ተራውን ለማንም አልነገሩም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምክትልዎ ጋሽ ሣህሉ ናቸው ከቤታቸው ያመጡት። ሲያደርጉት ይኸ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው።»

«ሦስተኛ? ነዳያኑስ?»

«አንድም ቀን ሳይበሉ አልሄዱም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዳይከፋዎት ብለን ነዋ! ሰው ሁሉ እኮ ይወድዎታል።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

መምህር ክንዱ ወደ ሐይቁ ዞሩ። አፈሩ። ከእፍረቱ ይልቅ ግን ሣህሉ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ የገዛ ቤቱን ዳቦ ተሸክሞ እየመጣ ትንፍሽ አለማለቱ ሆዳቸውን አባባው።

«እኔም 'ሁሉም ሰላም ነው' ስባል ከረምሁ በይኛ» አሉ በመጨረሻ።

ከአንገታቸው ክሩን አወጡና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ለሣህሉ ስጪልኝ።»

ዜማ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ቦርሳዋን ስትከፍት ግን አባቷ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው እስቲ።»

ሐሳባቸውን የቀየሩ መሰላት።

«ሥልጣን በተላላኪ አይለቀቅም» አሉ ተነሥተው ኮታቸውን እየቆለፉ። «ባጃጅ ጥሪ፣ ሣህሉን ከቤቱ ሳይወጣ እንድረስበት። የሚመጣው እሁድ ተረኛም እኔ ነኝ ብዬ እነግረዋለሁ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ክንዷን ያዝ አደረጉ።

«እሱን ደግሞ አንቺ አስታውሽኝ።»