ለሁለት የታሸገ ሻንጣ

ልብስ ሰፊዋ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ባሕሩ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ጠበቃት። ከከተማው ጀርባ ተራራ፣ በተራራው ወገብ ላይ የድሮ ምሽግ፣ ከምሽጉ በታች እስከ ወደቡ የሚወርዱ ቀይ ጣሪያዎች። አብረዋት የመጡት ጎብኚዎች «ወይ ጉድ» እያሉ ስልካቸውን አወጡ። እሷ ጫማዋ ውስጥ የገባውን ጠጠር አራገፈች። ውበቱን አላየችም ማለት አይደለም። የማያውቁትን ሰው ሠርግ በመንገድ ሲያልፍ እንደማየት ሆኖባት ነው፤ ያምራል፣ ግን አይመለከታትም።

ይህን ከተማ ለማየት ሲመኝ የኖረው ባሏ ነበር። ለሁለት የያዘው ጉዞ ቀኑ ሲደርስ እሱ ካረፈ ወራት አልፈው ነበርና በቦታው ታላቅ እህቱ መጡ፤ ሰው ሁሉ እትዬ የሚላቸው። ባሕር አምሯቸው ሳይሆን የወንድማቸውን ሚስት ሊታዘቡ ነው። ይህች ሴት በቀብሩ ቀን አንዲት እንባ ጠብ አላደረገችም፤ ወንበር ስታስተካክል፣ ለቅሶ ደራሹን ስታስተናግድ ነው የዋለችው። ሰው «ደንግጣ ነው» ሲል እትዬ «ሆድ ይፍጀው» ብለው ያልፋሉ። ወንድሜን አልወደደችውም ብለው ፈርደዋል። ይህን ፍርድ የሚሽር ነገር ቢያዩ ግን ደስ ይላቸው ነበር፤ እልኸኛ እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም።

እሷም ብትሆን ራሷን ትጠይቃለች። ትሰፋለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ምንም አይሰማትም። ምናልባት እውነታቸውን ይሆን እንዴ ብላ የፈራችበት ቀን አለ።

አስጎብኚው እያለከለከ ወደ ምሽጉ መራቸው። ጠላት በየት እንደመጣ፣ ንጉሡ በየት እንደሸሸ፣ የትኛው መድፍ አንድም ቀን ሳይተኮስ እንደዛገ ነገራቸው።

«ታድሎ» አሉ እትዬ።

ሰው ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ደረጃውን መውጣቷን ቀጠለች።

አናቱ ላይ ነፋሱ ሌላ ነው። እትዬ «የባሕር አገር ይሞቃል» ብለው በስስ ቀሚስ ነው የመጡት፤ ምክር የሚሰሙ ሰው ቢሆኑ ኖሮማ እትዬ ባልተባሉ። አሁን ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«ይበርድዎታል እትዬ።»

«ምን ይበርደኛል!»

ቦርሳዋን ከፍታ የባሏን ግራጫ ኮት አወጣች። መንገድ በወጡ ቁጥር የሁለቱንም ልብስ የምታሽገው እሷ ስለነበረች፣ ዘንድሮም እጇ በለመደው የሱን ካልሲና መላጫ ሳይቀር ከታ መጥታለች። ሆቴል ገብታ ስታየው እንኳ አልደነገጠችም። ኮቱ ለነፋስ ይሆናል ብላ ያዘችው።

የእትዬ ፊት ጠቆረ። «የሱን ልብስ ይዘሽ ለሽርሽር?»

«ረስቼ ነው።»

«ምኑን? መሞቱን?»

እውነቱን ለመናገር እጇ ረስቶት ነበር።

ነፋስ ለኩራት አይራራምና እትዬ ኮቱን ለበሱት፤ ቆልፈውም ወደ ባሕሩ ዞሩ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላቸው ቆማ ቀረች። ኮቱ ትከሻቸው ላይ ልክክ ብሏል። ሌላ ሰው ቢለብሰው በግራ በኩል ጉብ ይል ነበር።

«ይገርማል» አሉ እትዬ። «የገዛ ልብሴ እንኳ ሁሌ በግራ በኩል ይንሸራተትብኛል። ይሄ ለኔ የተሰፋ ነው የሚመስለው።»

«ግራ ትከሻዎ ዝቅ ያለ ነው። እንደ ወንድምዎ።»

እትዬ ዞሩ። «የኔ ወንድም? ቀጥ ያለ ሰው እኮ ነበር! አገር ያውቀዋል።»

«ያፍርበት ነበር። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ከተጋባን ጀምሮ ኮቶቹን ሁሉ እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ግራ ትከሻው ውስጥ ጥጥ እጨምራለሁ። እንዳይታወቅ አድርጌ።»

እትዬ የኮቱን ትከሻ ዳበሱት። «እህቱ ሆኜ አላወቅሁም» አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፦ «የተቀበረበትን ኮትም?»

«እሱንም። ሌሊቱን ስሰፋው አደርኩ። ጨርቁ እንባ ከነካው ምልክት ይይዛል፤ እንዳይንጠባጠብ እንባዬን ያዝ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ እምቢ አለኝ እትዬ።»

እትዬ አለቀሱ። እንባቸውን በኮቱ እጅጌ ጠረጉ። ልብስ ሰፊዋ «ጨርቁ ይበላሻል» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። እጇን በኮቱ ግራ ትከሻ ላይ አሳረፈች፤ ጥጡ እንዳለ ነው። አስጎብኚው ከታች ሰው እየጠራ ነበር። እንባዋ አሁንም አልመጣም። እጇን ማንሳት ግን አቃታት።