ፍሪጁ የቆመበት ቦታ

እኛ ሰፈር ሰው እቃውን ከሌባ አይደብቅም። ሌባ ምን ሊያገኝ ይመጣል? እኛ እቃ የምንደብቀው ከድህነት ሊያወጡን ከሚመጡ ሰዎች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ድህነትን ከሥሩ እነቅላለሁ ብሎ ፕሮግራም ሲጀምር የሰፈራችን ኮሚቴ ስማችንን አስመዘገበ። በየወሩ ትንሽ ድጎማና ነጻ የሕክምና ካርድ ተሰጠን። እግዜር ይስጣቸው፣ ጠቅሞናል። በዓመት አንዴ ግን ማጣሪያ አለ። ከፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት ሰው መጥቶ ቤት ለቤት ያያል። ግድግዳቸው ላይ የተለጠፈ ዝርዝር አለ፤ ቴሌቪዥን ይላል፣ ሶፋ ይላል፣ የስፕሪንግ ፍራሽ ይላል፣ ፍሪጅ ይላል። ከነዚህ አንዱ የተገኘበት ቤት ከድህነት ወጥቷል ተብሎ ከመዝገብ ይሰረዛል። ካርዱም አብሮ ይሄዳል።

ድጎማውን ቢወስዱብኝ እንደምንም እኖራለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እጄ አልሰነፈም። ካርዱ ግን የልጄ ነፍስ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። በካርዱ በየሦስት ወሩ ሦስት ብልቃጥ ይሰጡኛል። ያለ ካርዱ አንዱንም የምገዛበት አቅም የለኝም። መድኃኒቱን የሚሰጠኝ ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለኝ፦ "ይሄ ነገር ሙቀት አይወድም። ከሞቀ ውሃ ነው የምትወጊያት።" ስለዚህ ፍሪጅ የግድ ነው። ፍሪጅ ካለኝ ደግሞ ካርዱን እነጠቃለሁ። ይህን ደንብ የጻፈውን ሰው ባገኘው ደስ ባለኝ ነበር።

ፍሪጄ ፍሪጅ ከተባለ ነው። ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነው፣ በሩ በገመድ ካልታሰረ አይዘጋም። ጁስ ቤት የነበራቸው ሰዎች ሥራቸውን ሲዘጉ፣ ለሠራተኞቻቸው በሰፋሁት ሽርጥ ፋንታ የሰጡኝ ነው። ውስጡ ከመድኃኒቱና ከአንድ ጠርሙስ ውሃ በቀር ምንም ገብቶበት አያውቅም።

የማጣሪያ ቀን ሲደርስ የአሥራ አንድ ቤት እቃ ጋሼ ግምጃ ቤት ዘንድ ይገባል። ጋሼ ግምጃ ቤት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ጡረታ ስላላቸው መዝገቡ ውስጥ የሉም፣ ቤታቸውንም ማንም አያይም። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። እሳቸውም ሰው ሞላ ማለት ስለማያውቁ የሰዉን ቴሌቪዥንና ሶፋ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያሉ ያስገባሉ።

የዘንድሮው ማጣሪያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው ተባለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄን ወጋኋት፣ ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ መልሼ ፍሪጁ ውስጥ ከተትኩ። እቤት ባስቀራቸው "ፍሪጁስ?" ይሉኛል ብዬ ነው። ብልጥ መሆኔ ነበር። ጎረቤቴ ተሸካሚ ነው፤ ፍሪጁን በጋሪው ላይ አጋድመን ወሰድነው።

"ተጋድሞ ነው የመጣው?" አሉ ጋሼ።

"ሌላ በምን ይምጣ?"

"እንግዲያው አሁን አይሰካም፣ ሞተሩ ይቃጠላል። ቆሞ መዋል አለበት።" አቆሙት፣ ቴሌቪዥን አስደገፉበት። "አትስጊ ልጄ፣ እስከ አራት ሰዓት ጨርሰው ይሄዳሉ።"

አልመጡም። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ማንኳኳት ጀመረች። የጋሼ ቤትም ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱም ዛሬ በእቃ ተደፍኗል። መርፌ ይዤ አንድ እጅጌ ሦስት ጊዜ ሰፋሁ፣ ሦስት ጊዜ ፈታሁ። ሄጄ ብልቃጦቹን እንዳላወጣ መንገድ ላይ ቢያገኙኝስ? ስድስት ሆነ። ከሞቀ ውሃ ነው፣ ከሞቀ ውሃ ነው የሚለው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "እማ፣ ፍሪጁ የት ሄደ?" ስትለኝ ጮኽኩባት። ከዚያ በፊት በልጄ ላይ ጮኼ አላውቅም።

የመጡት ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንዲት ሴት ናት፣ ታብሌት ይዛለች፣ ጫማዋ አቧራ ጠጥቷል። ከኋላዋ የኮሚቴያችን ሊቀመንበር አለ። ሊቀመንበሩ በየስብሰባው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ" ሳይል አይቀመጥም። የራሱ ቴሌቪዥንም ጋሼ ቤት ነው ያለው።

ሴትየዋ አልጋውን አየች፣ የስፌት መኪናዬን አየችና "ይሄ የሥራ መሣሪያ ነው" ብላ አለፈችው። ትንሽ ተነፈስኩ። ከዚያ ጥጉ ላይ ቆመች።

ያን ጊዜ ነው እኔም ያየሁት። ሲሚንቶው ላይ ልክ በፍሪጁ ስፋት ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አለ። በአራቱም ጥግ አንዳንድ ክብ የዝገት ምልክት። በየቀኑ ወለሉን የምጠርግ ሴት ይህን አላየሁም።

"እዚህ ምን ነበር?" አለችኝ።

"ባልዲ።"

"ባልዲ አራት እግር አለው እንዴ?"

ሊቀመንበሩ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሴትየዋ አልተቆጣችም፣ አለመቆጣቷ ነው የበለጠ ያስፈራኝ። ታብሌቷን ነካ ነካ አደረገች።

"ልጅሽ ኢንሱሊን ትወስዳለች ይላል። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል ወይ? አይቀመጥም ካልሽ ሕክምና ቤቱ መስጠቱን ያቆማል።"

"ይቀመጣል።"

"የት?"

"ጎረቤት ነው የማስቀምጠው፣ ጋሼ ጋ። ጡረተኛ ናቸው፣ ፍሪጅ አላቸው።" ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ሄደ።

"ጥሩ። የጎረቤት ከሆነ ፍሪጁን ፎቶ አንሥቼ ማያያዝ አለብኝ። ምሪኝ።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከእኔ ቤት እስከ ጋሼ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሟል። ወዴት እንደምንሄድ ሲያዩ አንድ በአንድ ተከተሉን። ተሸካሚው ጎረቤቴ ጋሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ ሚስቱ ወገቧን የምታሳርፍበት ፍራሽ እዚያ ቤት ነው። ሊቀመንበሩ ጠጋ ብሎ "ምላስሽ ይቆረጥ፣ አሥራ አንድ ቤት ይዘሽ ገደል ገባሽ" አለኝ። ግድግዳ እየያዝኩ ነበር የምሄደው።

ጋሼ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ሴትየዋን ሲያዩ ተነሡና በሩን በጀርባቸው ሞሉት።

"አባቴ፣ ፍሪጅዎን ለማየት ነው። አንዴ ብቻ ልግባ።"

ጋሼ እኔን አዩኝ። እኔ በሩን አየሁ። ከዚያ በር ጀርባ አምስት ቴሌቪዥን አለ። የተሸካሚው ሚስት ፍራሽ አለ። ከሁሉም ጥግ የልጄ ሦስት ብልቃጥ በጨለማ ውስጥ እየሞቀ ነው። ብትገባ ሁላችንም አለቅን። ባትገባ ደግሞ እኔ ውሸታም ነኝ፣ ፎቶ የለኝም፣ መድኃኒት የለኝም። በየትም በኩል ባየው እኔ አልተርፍም። የሚተርፉት ሌሎቹ ናቸው፣ እሱም ዝም ካላልኩ ነው።

"ፍሪጁ የኔ ነው" አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ። "ዛሬ ጠዋት ደብቄው ነው። እሳቸው የሉበትም። አይግቡ፣ እዚሁ ይጻፉት።"

"የኔ ነው!" አሉ ጋሼ። "ይቺ ልጅ ከፍርሃት ነው የምታወራው። የኔ ፍሪጅ ነው፣ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት።"

"እንግዲያው ያሳዩኝ፣ አባቴ" አለች ሴትየዋ።

ጋሼ እጃቸውን ወደ በሩ ሰደዱ፣ መልሰው ሰበሰቡት። ቢያሳዩ እኔንም አያድኑ፣ አሥሩንም ይገድላሉ። አንገታቸውን ደፉ።

"ይተዉት ጋሼ" አልኳቸው።

ሴትየዋ ተራ በተራ አየችን። ከዚያ በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አየች። የገባት ይመስለኛል። "መድኃኒቱ ውስጡ ነው?" አለች።

"አዎ።"

"ተሰክቷል?"

"ተጋድሞ ስለመጣ አልተሰካም" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። "ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ።"

ሰዓቷን አየች፣ ስምንት ሊሞላ ነው። "መድኃኒቱን ያውጡላት" አለች። ጋሼ በሩን በጠባቡ ከፍተው በጎናቸው ገቡ፤ እሷም ሆነ ብላ ጀርባዋን አዞረች። ጨርቁን ሰጡኝ። ደርቋል። ብልቃጦቹን በጉንጬ ነካኋቸው፤ ለብ ብለዋል። ብርድ የለባቸውም።

"እኔ የምጽፈው ያልሽውን ነው" አለች ሴትየዋ፣ ዓይኔን ሳታይ። "ፍሪጅ አለ ብለሻል። ካርዱ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል። ቅሬታ ካለሽ ሠላሳ ቀን አለሽ።" ከቦርሳዋ ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥታ የመዝገብ ቁጥሬን ጻፈችበትና ሰጠችኝ። ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች። የጋሼን በር ተመልሳ አላየችውም።

እሷ ኩርባውን እንደታጠፈች ሊቀመንበሩ "ሴትዮዋ ጨካኝ ናት፣ እናመለክታለን፣ ዝም አንልም" አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ፍሪጁን ያመጡልኝ ስምንት ሰው ሆነው ነው። በጋሪ አልጫኑትም፣ አላጋደሙትም፤ ቀጥ አድርገው እንደ ቆመ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንገዱ መሐል አመጡት። ያለፈው ዓመት ሰው እንዳያይ ጎህ ሳይቀድ ነበር የመጣው። ምልክቱ ላይ አራቱን እግሮች ልክ በልክ አስቀመጡልኝ። ጋሼ ራሳቸው ሰኩት። አንዳቸውም ዓይኔን አላዩም። የተሸካሚው ሚስት ብቻ እጄን ይዛ ቆይታ ሄደች።

ወደ ማታ ልጄን መውጋት ነበረብኝ። ይሥራ አይሥራ የሚታወቀው ሲወጋ ነው። ጣቷን ወግቼ ለካሁ፤ መሣሪያው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አለ፣ ከፍ ያለ ነው። መርፌውን ሞላሁ። ይዤው ስቆይ ልጄ "እማ፣ እኔ ልያዘው?" አለችኝ። ወጋኋት፣ አበላኋት፣ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ውሃ ከሆነስ? ያለኝ ሁሉ ይሄ ነው። ልጄ ጊዜ ለመግደል ወረቀቱን አነሣችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ ጎበዝ አንባቢ ናት።

"'በመንግሥትና በኅብረተሰቡ የጋራ ጥረት ቤተሰብዎ ከድህነት በመውጣቱ እንኳን ደስ አለዎት።'" ቀና አለች። "እማ፣ መቼ ነው የወጣነው?"

"ዛሬ ከሰዓት" አልኳት።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሜ ለካኋት። መቶ ሰባ አራት። መሣሪያውን አጥፍቼ እንደገና በሌላ ጣቷ ለካሁ። መቶ ሰባ አንድ። ይሠራል። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ።

"ወረደ እኮ፣ ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ።

"አዎ፣ ወርዷል።"

አስተኝቻት መጣሁ። ፍሪጁ እያጉረመረመ ነው። ገመዱን ፈትቼ በሩን ከፈትኩ። አንድ ብልቃጥ ለአንድ ወር ነው። ሦስት ናቸው፣ አንዱ ተጀምሯል። ዘጋሁት፣ ገመዱን አሰርኩ። ትንሽ ቆይቼ ፈታሁና ደግሜ ቆጠርኩ።