የሚንገዳገዱ ቀለሃዎች

ጆሊን የሱቅ ጥይት የያዘውን ካርቶን ያገኘችው በአባቷ ፒካፕ ውስጥ፣ ከፈረስ መኖ ጆንያ ሥር ተሸጉጦ ነው። ገመድ ፍለጋ ነበር የገባችው። ሌላ ሰው ጥይት ቢገዛ ማን ጉዳዬ ይላል? አባቷ ኦርቪል ግን ዕድሜ ልኩን ባዶ ቀለሃ በገዛ እጁ እየሞላ ጥይት የሠራ፣ ከሱቅ የሚገዛ ጎረቤቱን ዴልን «የሱቅ ልጅ» እያለ ሲያበሽቅ የከረመ ሰው ነው። «የሱቅ ጥይት ከያዝኩ ጠመንጃዬን ሸጬ ሹራብ እሠራለሁ» ያላለበት ቤት በዚያ የሞንታና ሸለቆ የለም። የአጋዘን አደን ሊከፈት ደግሞ ሳምንት ቀርቶታል።

ምክንያቱ ጣቶቹ መሆናቸው ገባት።

ካለፈው ክረምት ወዲህ የጣቶቹ ጫፍ ደንዝዟል። ባሩዱን የምታቀጣጥለው ምስር የምታክል ቆብ ቀለሃው ቂጥ ላይ ስትገባ፣ ልኳ ላይ መድረሷን የሚያውቀው ጣት ነው። ኦርቪል የሚጠቀመው በመዳፍ በሚጨመቅ መሣሪያ ነበር። ጣቱ ካልነገረው ቆቧ ወጣ ብላ ትቀራለች፤ እንዲህ ያለ ጥይት ደግሞ አይታመንም።

ካርቶኑን ወደ ቦታው መለሰች። አፏንም ዘጋች፤ ይህ ለጆሊን ቀላል ሥራ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ባለ ረጅም እጀታ የብረት መሣሪያ ይዛ ጋራዡ ገባች።

«ምንድን ነው እሱ? የብርቱካን መጭመቂያ?» አለ አባቷ።

«ቆብ ማስገቢያ። ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል። በጣት ሳይሆን በክንድ ነው የሚሠራው።»

«ክንድ ምን ያውቃል?»

«ካንተ ጣት ሳይሻል አይቀርም፣ አባዬ።»

ኦርቪል ቡናውን ፉት አለ። ጆሊን ምላሷን መቁረጥ ቢቻላት በቆረጠችው።

ስለዚህ ሥራ ያላነበበችው መጽሐፍ የለም፤ ያስተማራትም ሰው የለም፣ ይህንንም ደጋግማ ታነሳዋለች። የጠረጴዛውን መሃል በሜትር ለካች፣ ሰረሰረች፣ መሣሪያውን በብሎን ጥርቅም አድርጋ አሰረች። ባዶ ቀለሃና ቆብ አስገብታ እጀታውን ተጫነች፤ በሌላ ቀለሃም ደገመች።

አባቷ ከሚስማሩ ላይ የአሮጌ መኪና መስታወት አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። እሱ ቤት ማንኛውም ቀለሃ ከዚያ መስታወት ላይ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ባሩድ አያገኝም። የጆሊንን ቀለሃ አቆመው። ቆቧ ወጣ ብላ ስለቀረች ተንገዳገደ።

«ሰክሯል» አለ። ሁለተኛውን አቆመ። «ይኼም ከሠርግ ነው የመጣው።»

«መመሪያው እንዳለው ነው ያሰርኩት!»

«መመሪያው የእኔን በር አያውቀውማ። እስቲ እንደገና ተጫኚው፤ እጀታውን ተዪና ጠረጴዛውን እዪ።»

ጠረጴዛው ከድሮ ቤታቸው የተነቀለ በር ነው፣ በአራት እግር ላይ የተጋደመ። ስትጫነው መሃሉ እንደ ደከመ በቅሎ ጀርባ ሰርጎድ አለ። ጉልበቷን ሁሉ የሚበላው በሩ ነበር፤ ለቆቧ የሚተርፋት የለም።

ጆሊን ብሎኑን ፈታች። መሣሪያውን ወደ ጥግ፣ ልክ ከጠረጴዛው እግር በላይ ወሰደችው። ከመሰርሰሯ በፊት ግን ቆም አለችና የአባቷን ወንበር ሳበች።

«ቁጭ በል። ክንድህን ዘርጋ።»

«ልብስ ልትሰፊልኝ ነው?»

«አፍህን ብሰፋልህ ይሻለኝ ነበር! ዘርጋ ነው የምልህ።»

ከክርኑ ለክታ መሣሪያውን በእሱ ልክ አሰረችው። ኦርቪል እየተነጫነጨ እጀታውን ያዘና ቀስ ብሎ ተጫነ። መሃል ላይ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ትንሽ ገፋ አደረገና ለቀቀ።

«ደረሰች» አለ። እንግዳ ነገር እንደሰማ ሰው ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ። «እዚህ ጋ ነው የሚሰማው።»

ቀለሃውን መስታወቱ ላይ አቆመው። ንቅንቅ አላለም። ሌላ ሠራ፤ ያም ቆመ። ከዚያ ተራ በተራ ይሠራ ጀመር፤ ጆሊንም ቀለሃ ታቀብለው ጀመር።

ቆየት ብሎ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ፒካፑ ውስጥ፣ ከጆንያው ሥር፣ አንድ ካርቶን አለ» አላት።

«አለ እንዴ?»

«አታስመስዪ። ለዴል ስጪልኝ።»

«ማን ገዛው ልበለው?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ?! ሸለቆው ሁሉ እንዲስቅብኝ?»

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይረሳልሻል።»

ጆሊን ልትመልስለት ዞረች። መስታወቱ ላይ የተሰለፉትን ቀለሃዎች አየችና ካርቶኑን ልታመጣ ወጣች።

ካርቶኑን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ዴል ቤት ስትወርድ፣ ጥይቱን ለምን እንደገዛች ለዴል የምትነግረውን፣ በሕይወቷ ብላው የማታውቀውን «ተሳስቼ ነው» የሚል ቃል መንገዱን ሙሉ ትለማመድ ነበር። ከኋላዋ፣ ከጋራዡ፣ የእጀታው ድምፅ ሳይጣደፍ ይሰማል።