የጉጉል ሙጫ ለጂቪ ጣቶች

ሳንጋ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነበር። በጉብዝናው ዘመን በሕንድ አገር ከኩች ኮረብቶች የጉጉል ሙጫ ሲለቅም፣ የዛፉን ቅርፊት ጫር አድርጎ ጠብታውን መጠበቅ ሲገባው፣ ቢላውን እስከ እንጨቱ እየሰደደ ባንዴ ያንዠቀዥቀው ነበር። እንዲያ የተቆረጠ ዛፍ ዓመት ሳይሞላው ይደርቃል። ይህን እያወቀ ነው እኮ! ኮረብታው ተራቁቶ ሲያበቃ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ዛፍ ብቻ ቀረ።

የሚስቱ የጂቪ ጣቶች አብጠው የተቆለመሙት ልክ ልጃቸው ሉምቢ ልትዳር ስትል ነው። በእነሱ ወግ ጥልፏ ያላለቀ ሙሽራ ከቤት አትወጣም፤ የቀረው ደግሞ በእናት እጅ የሚጠለፈው መከናነቢያ ነበር። ጂቪ መርፌዋን ማንሳት ቢያቅታት ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

የባህል ሐኪሙ ካንቲላል እጇን አገላብጦ አየና፣ «መድኃኒቷ ጉጉል ነው» አለ። «ግን ሳንጋ፣ ዐመልህን አውቀዋለሁ። ላዩን ብቻ ጫር አድርገህ ጠብቅ።»

ሳንጋ ያን የቀረውን አንድ ዛፍ ጫረ። ሳምንቱን ሙሉ ተመላልሶ ያገኘው ሽምብራ የምታክል ሁለት ጠብታ ነው። በዚህ መሀል ከአማቾቹ የተላከ ሰው መጥቶ፣ «ልጅቷን የምትሰጡን ፀጉሯ ሲሸብት ነው?» ብሎ ቢያላግጥበት ደሙ ፈላ። በማግስቱ ኮረብታው ላይ ወጣና ቢላውን እስከ እንጨቱ ሰደደው።

ሙጫው ጎረፈ። ካንቲላል በጨርቅ ቋጥሮ፣ የሚፈላ ወተት ውስጥ አንጠልጥሎ አጠራው። በወሩ የጂቪ ጣቶች ተዘረጉ።

«አየህ አንተ ሰውዬ! የኮረዳ ጣት አልመሰለም?» እያለች መከናነቢያውን ጨረሰችው። ሉምቢም ተዳረች።

«እሰይ» አለ ካንቲላል። «እንግዲህ በየበጋው ትንሽ ትንሽ አምጣልኝ። ካቋረጠች ሕመሙ ይመለስባታል።»

ሳንጋ ክው አለ። ቢላውን እስከ የት እንደሰደደው ግን ደበቀ።

ዛፉ ደረቀ። ከገበያ ገዝቶ ያመጣላት ሙጫ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ኖሮ፣ ሆዷን ከማሳመም በቀር አንዳች አልፈየደላትም። ሉምቢ የበኩር ልጇን ታቅፋ ስትመጣ የእናቷ እጆች ተኮማትረው አልዘረጋ ብለው ነበር።

«ዘንድሮ ዛፉ ምን ሆነብህ?» አለች ጂቪ።

«ገደልኩት» አለ ሳንጋ፣ እንባው ዱብ ዱብ እያለ። «መጠበቅ አቃተኝ፣ ጂቪ። በገዛ እጄ ገደልኩት።»

ጂቪ ሕፃኑን ልትቀበል ክንዷን ሰደድ አደረገች፤ ሉምቢ ፈራ ተባ ስትል አይታ መልሳ ሰበሰበችው።

«በል እንግዲህ አንተ ያዝልኝ» አለችው ባሏን። «ጉንጩን ወደ ጉንጬ አስጠጋልኝ።»