በቀዩ ኮከብ ውስጥ ያለው ሰው

«ማን ሞተ?» አሉ እትዬ ለተኪሮስ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያዩኝ። ቦርሳቸው ከእጃቸው ወድቋል።

ጥቁር ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ለብሼ ነበር። ሌላ ጊዜ ወደምሠራበት ሙዚየም ሲመጡ ከሥዕል ማከማቻው በሹራብ ስወጣ ነው የሚያገኙኝ። ያን ሐሙስ ግን የአዳራሽ ጠባቂ ስለጎደለ በእሱ ቦታ እንድቆም ታዘዝኩ። ጠባቂዎቹ ደግሞ ጥቁር ነው የሚለብሱት።

«ማንም አልሞተም። የሥራ ልብስ ነው እኮ» አልኳቸው።

«አይ አንቺ ልጅ! ጉልበቴን ቆረጥሽው።» አማተቡና ሳቁ። «ፈረንጅ ደግሞ ለሥራ ከል ያለብሳል?»

ቦርሳቸውን ሳነሳ ፊታቸውን ላለማየት ጥቂት አጎንብሼ ቆየሁ። ዋሽቻቸው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ስምኦን መሞቱን ከማክሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ። ሊዋጋ ጫካ ገብቶ ወሬው ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው፤ የሞተው ግን ገና በመጀመሪያው ክረምት ነበር። የቀበረው ጓደኛው በቅርቡ ካምፓላ ደርሶ፣ ስልክ አፈላልጎ ለአባቴ ደወለለት።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ላለች ሴትም አይነገርም። አባቴ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ተማከሩ። የእትዬ ለተኪሮስ ታላቅ ወንድም አቶ ገብረትንሳኤ ዓርብ ከሲያትል ይደርሳሉ፤ ቅዳሜ ማለዳ ሁላችንም አብረን ቤታቸው እንሄዳለን። እስከዚያ አፍን መያዝ ነው። የእትዬ ለተኪሮስ የሥራ ቀን በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እናቴ ለእኔ የተለየ ሥራ ሰጠችኝ።

«አንቺን ይወዱሻል። ቅዳሜ አፕል ቫሊ ይገቡ እንደሆነ ጠይቂልን» አለችኝ። አፕል ቫሊ የሚሠሩበት የአረጋውያን ቤት ያለበት ነው። «ግን እንዳይጠረጥሩ።»

እንደ ልማዳችን ወደ ሥዕሎቹ ሄድን። በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ የጃፓን ሥዕሎች ናቸው። የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሳሙራዮች፣ ማለትም የአገሩ የጥንት ባለሰይፍ ወታደሮች፣ በመንግሥት ላይ ያመፁበትን ጦርነት ያሳያሉ። ሰማዩ ሁሉ ቀይ ነው። በእያንዳንዱ ሰው ራስ አጠገብ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ስሙ ተጽፏል። መሬት ላይ ለወደቀውም ተጽፏል። እትዬ ለተኪሮስን የያዛቸው ይህ ነበር።

«ሽፍቶች ናቸው?» ብለውኝ ነበር መጀመሪያ የመጡ ቀን።

«አዎ።»

«ተሸነፉ?»

«ተሸነፉ።»

«ለተሸነፈ ሽፍታም ስሙ ይጻፋል?»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሚኖሩበት ከፊሊፕስ ሰፈር በእግራቸው እየመጡ ስሞቹን ያስነብቡኛል። ጃፓንኛ አላውቅም፤ ከሙዚየሙ መዝገብ ላይ ገልብጬ ነው የማነብላቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ፣ እንደ ጸሎት፣ ከኋላዬ ይደግማሉ። ሠዓሊዎቹ ጦርነቱን በዓይናቸው እንዳላዩ፣ ከተማ ተቀምጠው ጋዜጣ እያነበቡ እንደሳሉ፣ ፊቶቹም የማንም ፊቶች እንዳልሆኑ ነግሬያቸው አላውቅም።

የመጨረሻው ሥዕል ዘንድ ስንደርስ ቆሙ። ሰዎች ጣራ ላይ ወጥተው ወደ አንድ ቀይ ኮከብ ይጠቁማሉ። በኮከቡ ውስጥ የአማፅያኑ መሪ ከነወታደር ልብሱ ቆሟል። በዚያ ዓመት ብዙ ሰው ኮከቡ ውስጥ አየነው ይል ነበር። ባለፈው ጊዜ «ሰዉ አልሞተም ይል ነበር» ብዬ ግማሹን ነግሬያቸው፣ ሌላውን ግማሽ ዋጥኩት። ደስ ብሏቸው ስለነበር ነው።

«ጓለይ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ፣ በትግርኛቸው ልጄ ማለታቸው ነው። «ከፋሲካ በፊት እርሜን ላወጣ ነበር። ፍትሐት እንዲያደርጉለት ለቄሱም ነግሬያቸው ነበር። ተውኩት።»

«ለምን?»

«ሳልቀብረው እንዴት ሞተ እላለሁ? እነዚህ እንኳ አላሉም።» ጣራው ላይ ወደቆሙት ሰዎች በአገጫቸው አመለከቱ። «ጫማ ገዛሁለት። አርባ ሁለት ቁጥር። አባትሽ ክፍሌ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ይሄድ የለ? ከዚያ የሚያደርስለት ሰው አላጣም።»

የኮከቡ ሰውዬ እኮ ሞቷል፣ መቃብሩም አለ፤ እንዲህ ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቅዳሜ ሥራ አለዎት?»

«ቅዳሜ? ኦፍ ነኝ።» ፊታቸው በራ። «ልትመጪ ነው? ነይ! ቁርስ አብረን እንበላለን፤ ጫማውንም ለአባትሽ ትወስጂልኛለሽ። አንቺ ኩራተኛ፣ ቤቴን ረግጠሽው አታውቂም እኮ!»

«እመጣለሁ» አልኩ።

ሲሄዱ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ለእናቴ «ኦፍ ናቸው» ብዬ ቴክስት አደረግሁ። ከዚያ እጄን ታጠብኩ። ወጥቼም እስኪዘጋ ድረስ ኮከቡ ፊት ለፊት ቆምኩ፤ ቦታዬ እዚያ ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አስራ አንድ ሰው ሆነን ደጃቸው ደረስን። የመኪና በር እንኳ ቀስ ብለን ነው የዘጋነው። ደረጃው ላይ የረጋው በረዶ ግን ከእግራችን በታች ይንኮሻኮሽ ነበር። አባቴ አንዴ ሲያንኳኳ ከውስጥ ፈጥኖ የሚመጣ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማን።

«ዮሐናዬ፣ ምነው እንዲህ ማለድሽ? እንቁላሉን ገና አሁን መጣዴ ነው!»

በሩ ተከፈተ። ሽርጥ ታጥቀዋል። አባቴን አዩ። ቄሱን አዩ። ሲያትል ነው የሚሉትን ወንድማቸውን አዩ። ከዚያ በሰዎቹ ትከሻ መሃል እኔን ፈልገው አገኙኝ። ሌላ ጥቁር ልብስ ስለሌለኝ የሙዚየሙን ነበር የለበስኩት።

«የሥራ ልብስ ነው» አሉኝ። «አይደል? የሥራ ልብስ ነው በይኝ።»

 ከኋላቸው፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ፣ በገመድ የታሰረ የጫማ ካርቶን ይታየኝ ነበር።

አባቴ ነገራቸው። ሦስት ቀን ተለቀሰ። የሥዕል ትርኢቱ በማግስቱ እሁድ ተዘጋ፤ ሰኞ የኮከቡን ሥዕል ከግድግዳው አውርጄ ብርሃን ወደማይገባበት መሳቢያ መለስኩት። እትዬ ለተኪሮስ ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም።