የአምበሉ ግራ ባት

ክለቡ ስድስት ዓመት በተከታታይ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ከዋንጫው ሌላ ያተረፈው ነገር ቢኖር ፍርሃት ነው። የሚሸነፍ ቡድን ደፋር ነው፤ አሰልጣኝ ይቀይራል፣ መለያ ይቀይራል፣ ሲብስበት ስሙን ይቀይራል። ስድስት ጊዜ ያሸነፈ ቡድን ግን የተቃጠለ አምፖል ለመቀየር እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል። በመጀመሪያው ዋንጫ ዓመት የአውቶብሱ የኋላ መስኮት ተሰብሮ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ዝናብ ሲመጣ እነዚያ ረጃጅም ተጫዋቾች አንገታቸውን እንደ ኤሊ ቀብረው ይጓዛሉ። በዚያው ዓመት የክለቡ ምግብ አብሳይ ተሳስታ ሾርባው ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨምራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በፍጻሜ ቀን ጨው ሁለት ጊዜ ይጨመራል፣ ተጫዋቹም እንባው እየመጣ ይጠጣል። ይህ ሁሉ የሊቀመንበሩ ትእዛዝ ነው። ሊቀመንበሩን ሰው ሁሉ ከኋላው «ዘንድሮም» ይለዋል፤ ንግግሩን የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በዚህችው ቃል ስለሆነ።

የክለቡ ወጌሻ ላይ የወደቀው ዕጣ ግን ከጨውም ከመስኮትም የከበደ ነበር። በመጀመሪያው ፍጻሜ ዕለት የክለቡ ሐኪም መንገድ ተዘግቶበት ቀረና፣ ተጫዋቾቹ ለጨዋታ ብቁ ናቸው የሚለው ቅጽ ላይ የሚፈርም ሰው ጠፋ። ወጌሻው «ለጊዜው» ተብሎ ፈረመ። ከዚያ የአምበሉን ግራ ባት ሃያ ደቂቃ አሸ። አሸነፉ። በሁለተኛው ዓመት ሐኪሙ በሰዓቱ ቢመጣም «አንተ ባለፈው አልነበርክም» ተብሎ ከበር ተመለሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ጎረምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በወጌሻው ፊርማ ጤነኛ ሆኖ ኖረ። እሱ የሚያውቀው ማሸትና ማሰር ነው። ቢሆንም ምን ያስዋሻል፣ ደስ ይለው ነበር። መንገድ ላይ ሰዎች እያስቆሙት «እስቲ ያችን እጅ» እያሉ ይጨብጡታል።

አምበሉ የእህቱ ልጅ ነው። ጡት ሳይጥል አባቱ ስለሞተ ያሳደገው ወጌሻው ነው ማለት ይቻላል። ርዝመቱን ከማን እንዳመጣው ግን ቤተሰቡ ተመካክሮም አልደረሰበትም። ሰፈሩ «መሰላል» ይለዋል።

ፍጻሜው ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ጠዋት መሰላል መልበሻ ክፍል ገብቶ መታሻው አልጋ ላይ ተንጋለለ። እግሩ እንደ ወትሮው ከአልጋው ተርፎ አየር ላይ ቀረ።

«አጎቴ፣ ባቴ እንቢ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ከተመታሁ ወዲህ ድንጋይ ሆኗል።»

ወጌሻው ነካው። ይሞቃል። በሜትር ዙሪያውን ቢለካው ከቀኙ በሁለት ጣት ይበልጣል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሲለቀው ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። በሠላሳ ዓመት ሥራው የዞረ ጅማት፣ የወለቀ ቁርጭምጭሚት፣ የተሸማቀቀ ጡንቻ አይቷል፤ ይህ ከእነዚያ አንዱም አይደለም። እንዲህ ያለ እግር ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ እጁን በጥፊ መትተው «ይሄ አይታሽም! ደም ረግቶ ይሆናል። ተነቅሎ ሳንባው ውስጥ ቢገባ ምን ልትሆን ነው?» ብለውታል።

«ተነስ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

«በፍጻሜ ሳምንት?» መሰላል ሳቀ። «አጎቴ፣ ደህና አደርክ? ዘንድሮም ቢሰማ እኮ በዚያ በተሰበረው የአውቶብስ መስኮት ነው የሚወረውረን።»

ዘንድሮም ሰማ። ወጌሻውን ቢሮው አስጠራው። መደርደሪያው ላይ ስድስት ዋንጫ ቆሟል፤ ለሰባተኛው ቦታ ተለቆለት የዓመተ ምሕረቱ ጽሑፍ ሳይቀር ተለጥፏል።

«በስድስት ዓመት ውስጥ በፍጻሜ ሳምንት ስንት ሰው ሆስፒታል ሄደ?»

«ማንም አልሄደም።»

«ስንት ጊዜ ተሸነፍን?»

«አንድም ጊዜ።»

«ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ምርምር ትፈልጋለህ ወንድሜ?»

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ልጁ ሊሞት ይችላል።»

«ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እህ! እንግዲህ በማታውቀው አትግባ። በል ፈርም።»

«ሐኪም ካልሆንኩ በምን አፌ እፈርማለሁ?»

ዘንድሮም ይህን እንደ ጥሩ ቀልድ ቆጥሮ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ወጌሻው ግን ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ወደ እህቱ ሄደ፤ ልጁን የምታስቀር እሷ ብቻ ናት።

እህቱ የልጇን ስድስት ሜዳሊያዎች ሳሎኗ ውስጥ ዘርግታ በለስላሳ ጨርቅ እየወለወለች አገኛት። መንገድ ላይ የተለማመደው ቃል ነበረው። ፊቷን ሲያይ ግን ሌላ ተናገረ።

«ባቱ ትንሽ አብጧል» አላት። «ቅዳሜ ባይገባ ጥሩ ነበር።»

«ውይ ወንድምጋሼ! አስደነገጥከኝ እኮ፤ ምን ሆነ ብዬ። አንተ ታሸው የለ እንዴ?»

«እሱማ…»

«እና አንተ እያለህ ምን ይሆናል?» ብላ ወደ ሜዳሊያዋ ተመለሰች።

ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ስኳሩ ተናገረ። ከዚያ ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ከበሮው መልበሻ ክፍሉን ያንቀጠቅጠዋል። ቅጹ ሳይፈረምበት መታሻው አልጋ ላይ ተቀምጧል። አሥራ አንዱ ተጫዋቾች ተለባብሰው የወጌሻውን እጅ ያያሉ። አሰልጣኙ ሰዓቱን ያያል። ዘንድሮም በሩ ላይ ቆሞ ኮርኒሱን ያያል።

መሰላል ጎንበስ ብሎ በጆሮው አናገረው። «አጎቴ፣ ባትፈርምም ሌላ ሰው አስፈርመው ያስገቡኛል። ባታሸኝም እገባለሁ። ግን ፈርቼ ነው የምገባው። ፈርቼ ገብቼ አላውቅም።»

ወጌሻው ፈረመ። እነካዋለሁ እንጂ አላሸውም ብሎ ለራሱ ማለ። እጁን ቅባት ውስጥ ነክሮ የልጁ ባት ላይ እንደ ላባ አሳረፈው። ሃያ ደቂቃ ግን ረጅም ነው፤ በዚህ ላይ ስድስት ዓመት የለመደ እጅ ጌታውን አይጠይቅም።

«ትንሽ ጫን በለው፣ እንደ ድሮው» አለ መሰላል ዓይኑን ጨፍኖ።

ጫን አለው። ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ድሮው።

የመጨረሻው ሩብ ሊያልቅ ሲል መሰላል አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አስቆጥሮ ነበር። ቅጣት ምት ሊጥል መስመሩ ላይ ቆሞ ኳሷን ሁለት ጊዜ አነጠረ፤ ሳል ያዘው፤ ደረቱን ዳበሰና አንድ ጊዜ አረፍ ልበል እንዳለ ሰው መሬት ቁጭ አለ። ኳሷ ለብቻዋ እየነጠረች ሄደች። በቃሬዛ ተሸክመው ሲያወጡት ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ቡድኑ በአራት ነጥብ ልዩነት አሸነፈ፤ አምቡላንሱ ገና በር ላይ ሳለ ጩኸቱ ተሰማ።

ሆስፒታል ሐኪሟ ከድንገተኛ ክፍሉ ስትወጣ ጓንቷን አላወለቀችም ነበር። እንዳላተረፉት ለወጌሻውና ለእህቱ ነገረቻቸው፤ የረጋ ደም ከእግሩ ተነስቶ ሳንባው ውስጥ ገብቷል። እህቱ ጮኸች፤ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች፤ ከዚያ ኮሪደሩ ወንበር ላይ የወንድሟን እጅ ይዛ ተቀመጠች። ሐኪሟ ቆይታ ወረቀት ይዛ ተመለሰች።

«ይቅርታ፣ መመዝገብ ስላለብኝ ነው። ግራ ባቱ ላይ የጣት ምልክት አለ። ዛሬ ያሸው ሰው ነበር?»

እህቱ ቀድማ መለሰች። «ወንድሜ ነው። እሱ ሳያሸው ሜዳ ገብቶ አያውቅም፤ ልጄን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያየው» አለች፣ አንድ ሰው ወንድሟን «ልጅሽን ቸል ብሏል» ብሎ የከሰሰባት ይመስል።

የሐኪሟ እስክሪብቶ ቆመ። ወጌሻውን አየችው፤ ጥፍሮቹ ሥር እስካሁን ቅባት አለ። ወረቀቱን አጥፋ ወደ ውስጥ ገባች።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?» አለች እህቱ። «ወንድምጋሼ፣ ለምንድን ነው እንደዚያ ያየችህ?»

ኮሪደሩ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።

«ሐሙስ ዕለት ስነካው አውቄ ነበር» አላት።

እጇን ከእጁ ውስጥ አወጣች።