የጠረጴዛው ቀዳዳ

ጠረጴዛው ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እግሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ገበታው ወፍራም ኮምፔርሳቶ ሆኖ ከላይ ላሜራ ለብሷል። መካከሉ ላይ የሻይ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ክብ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ሥር ራውተር የሚባለው የአናጢ ማሽን ተገልብጦ ይታሰርና የሚሽከረከረው ቢላው ብቻ ወደ ላይ ብቅ ይላል። የእንጨት ጠርዝ የሚያስጌጠውን፣ ቦይ የሚያወጣውን ይህን ማሽን ሌላ ጊዜ አናጢው በሁለት እጁ ጨብጦ እንጨቱ ላይ ይነዳዋል። በጠረጴዛ ሲሆን ግን ማሽኑ ባለበት ይቆማል፤ የሚሄደው እንጨቱ ነው።

ማሽኑ ገና ስላልተገዛ አጎቴ ደምለው ቀዳዳውን በሽሮ ጣሳ ክዳን ከድኖታል።

"አይጥ እንዳይገባበት" ይላል። ሚስቱ እትዬ ሽታዬ በበኩሏ፣ "ሽሮዬ ነው እንጂ አይጥ የሚገባበት" ትላለች።

ማሽኑን መምረጥ የእኔ ድርሻ ነበር። ፊንላንድ ስድስት ዓመት የእንጨት ሥራ ምህንድስና ተምሬ፣ ደብረ ማርቆስ ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ስልኬ ላይ አሥራ አንድ ማሽን መዝግቤያለሁ፤ ጉልበቱን፣ ፍጥነቱን፣ ክብደቱን። ማታ አንዱን እመርጣለሁ፤ ጠዋት እጠራጠረዋለሁ። ብሳሳት የሚጎዳው እኔ ብሆን ኖሮ እስካሁን ወስኜ ነበር።

አጎቴን ባለፈው ጥቅምት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መታው። እግሩ ተመለሰለት፤ እጁ ግን መጨበጥ አቃተው። ጣቶቹ ትኩስና ቀዝቃዛ አይለዩም። ዐርባ ዓመት በርና ቁም ሳጥን የሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሚያልፉ ባጃጆችን ሰሌዳ ያነባል። አንድ ቀን ግን የዋንዛ ጣውላ በጣቶቹ ሳይሆን በመዳፉ ሲገፋ አየሁት። መዳፉ ይገፋል። የጠረጴዛው ሐሳብ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው።

እሱ ግን ቀድሞ ቃል ሰጥቶ ነበር። ራሱ ያስተማረው አናጢ፣ አበባው፣ አማኑኤል አካባቢ የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቷል፤ የአጎቴን መሣሪያ በሙሉ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስድ ተስማምተዋል።

"እስከ ቅዳሜ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ማሽን ካልጮኸ ቃሌ ቃል ነው" አለኝ ሐሙስ ጠዋት። "ከዚያ በኋላ ጠረጴዛህን ሽታዬ ሽንኩርት ትከትፍበት።"

በባጃጅ ወደ ከሪማ ሱቅ ሄድን። ከሪማ የአባቷን የአብዱልቃኒን የመሣሪያ ሱቅ የተረከበች፣ ሲያወሯት ዓይኗን ከሰው እጅ ላይ የማትነቅል ሴት ናት። ስልኬን ሰጠኋት። በአውራ ጣቷ እየገፋች እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"ይሄ የማሽን ዝርዝር ነው ወይስ ጥሎሽ?"

"ሦስት ሳምንት ሆነው" አለ አጎቴ። "እኔ በሦስት ሳምንት ሽታዬን አይቼ፣ ሽማግሌ ልኬ፣ እሺ ተብዬ ጨርሻለሁ።"

"እሷስ በሦስት ሳምንት መርምራዎታል?"

"እሷማ እስከ ዛሬ እየመረመረችኝ ነው።"

ከሪማ ሁለት ማሽን አወጣች። ትልቁ እኔ ከዝርዝሬ ራስ ላይ ያስቀመጥኩት ዓይነት ነበር። ጉልበተኛ ነው፤ ወፍራም ቢላ ይይዛል፣ ፍጥነቱ ይጨመራል፣ ይቀነሳል፤ ማስነሻው አንዴ ተጭነው ከቆለፉት ሳይያዝ ይሠራል። ጠረጴዛ ሥር ለሚታሰር ማሽን መቆለፉ ግድ ነው፤ ማን ጎንበስ ብሎ ይዞት ይቆያል? ሁለተኛው አነስ ያለ ነው።

"ትልቁን" አልኩ። ራሴን ስወስን ስሰማው ደስ አለኝ።

ከሪማ ግን ወደ እኔ አላየችም። ቢላ ያልገባበትን ትልቁን ማሽን ወለሉ ላይ አስተኝታ ሰካችው፤ አስነሥታም ቆለፈችው። ሱቁ በጩኸት ተሞላ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ማቋረጫ ወደ ታች ሳበችው። አምፖሉ ጠፋ፤ ማሽኑ እያቃሰተ ቆመ።

"መብራት ሄደ እንበል። ጋሽ ደምለው፣ ቤትዎ ቢሆን አሁን ምን ያደርጋሉ?"

"ምን አደርጋለሁ? ሰጋቱራዬን እጠርጋለሁ፤ ቢላ እቀይራለሁ። መብራት ሲኖር ይሠራል፣ ሲሄድ ይሰናዳል። የኛ ሰው እንዲያ ነው የሚሠራው።" ጎንበስ ብሎ በቀኝ መዳፉ የማሽኑን አፍ ጠረገ፤ ልማድ ሆኖበት ነው እንጂ ምንም አልነበረበትም።

"እሺ። አሁን እጅዎን ያንሱልኝ፤ ራቅ ይበሉ።"

ማቋረጫውን መለሰችው። ማንም ሳይነካው ማሽኑ ጮኾ ተነሣ፤ ወለሉ ላይ ተንሸራቶ የአጎቴን ጫማ መታ። ሁላችንም ዘለልን። ከሪማ አጠፋችው።

አጎቴ ቀኝ እጁን ወደ ፊቱ አምጥቶ ትክ ብሎ አየው።

"አይሰማኝም ነበር እኮ" አለ ቀስ ብሎ። "ደሙን ሳይ ነበር የማውቀው።"

"ሶኬቱን መንቀል ነው" አልኩ። የራሴ ድምፅ የመማሪያ መጽሐፍ መሰለኝ።

"ስንቱ ሲነቅል አየህ?" አለች ከሪማ።

"ዐርባ ዓመት ነቅዬ አላውቅም" አለ እሱ።

ትንሿን ሞከርን። እሷ መብራቱ ተመልሶ ቢመጣም ማስነሻዋን እንደገና ካልተጫኗት አትነሣም። ከሪማ በጠረጴዛው ልክ ከባንኮኒው ሥር ገልብጣ ያዘችለት። አጎቴ ጎንበስ አለ፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ጣቱ ማስነሻዋን አገኛት፤ መጫን ግን አልቻለም። በግራው ሞከረ፤ አልደረሰም። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ።

"በቃ" አለና ቀና አለ። "አበባው ይውሰደው።"

አንዱ እጁን ይበላዋል፤ ሌላው አይታዘዘውም። በስልኬ ዝርዝር ውስጥ ይህን የሚጠይቅ መስመር አልነበረም።

አጎቴ ግን ከበሩ ሲደርስ ቆመ። ከበሩ ትይዩ አንዲት የበርበሬ ወፍጮ ትንጫጫለች።

"ከሪማ፣ ያቺ ወፍጮ መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሷ ትነሣለች?"

"አትነሣም። አረንጓዴውን ቁልፍ ካልተጫኑ።"

"ቁልፉ ምን ያህላል?"

ከሪማ ሳቀች። "በክርንዎም ይጫኑታል።"

እኔ አልሳቅኩም። ፊንላንድ የተማርኩባቸው ጠረጴዛዎች ሁሉ ፊት ለፊታቸው ላይ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ነበራቸው። በየቀኑ እጫናቸው ነበር። መብራት ሲሄድ ቁልፉ ራሱን እንደሚያጠፋ፣ ሲመጣም ሰው እስኪነካው እንደሚጠብቅ አስተማሪው ተናግሮ ይሆናል። በስድስት ዓመት ውስጥ መብራት አንድ ቀን እንኳ ስላልሄደ ለምን እዚያ እንዳለ ጠይቄ አላውቅም።

"ትልቁን ስጪን" አልኳት። "ማስነሻው ተቆልፎ ይቀመጥ። ማብራትና ማጥፋቱን የወፍጮው ቁልፍ ይሥራው። ትንሿ ለዚህ አትሆንም፤ ቁልፉ ቢበራም እሷ ከሥር አልነሣም ትላለች።"

ከሪማ አጎቴን አየችው። "እንደ ምንም ወሰነ!"

ቁልፉን ከወንድሟ ከፈሐድ አስመጣችልን፤ የወፍጮ መለዋወጫ የሚሸጠው እሱ ነው። ዓርብ ማሽኑን ከቀዳዳው ሥር አሰርኩ፤ ቁልፉን በጠረጴዛው ፊት፣ በአጎቴ ወገብ ልክ ገጠምኩ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ አሰርኩት። መብራቱን እያጠፋሁ ሞከርኩ፤ ስምንት ጊዜ፣ ዘጠኝ ጊዜ።

"ቆጣሪውን ፈጀኸው፤ ተወው እንጂ" አለችኝ እትዬ ሽታዬ።

ቅዳሜ አበባው በጭነት ባጃጅ መጣ። ገመድና ማዳበሪያ ከረጢት ይዟል። ከበሩ ሳይገባ ማሽኑን ሰማ፤ ቆሞ ቀረ።

አጎቴ የዋንዛ ጣውላ በመዳፉ እየገፋ ነው። እንጨቱን ከበላዩ የሚጫን፣ በጎኑም የሚደግፍ መያዣ ሠርቼለታለሁ፤ ጣት የሚፈልግ ነገር የለውም። የመጀመሪያው ጠርዝ ተሰባበረ፤ ቸኩሎ ነበር። ሁለተኛው ላይ ዝግ አለ። ጣውላው ከሌላው ጫፍ ሲወጣ ጠርዙ እንደ ታጠፈ ጨርቅ ክብ ብሎ ወረደ። ሦስተኛውን እኩሌታ ሲያደርስ መብራት ሄደ።

ጸጥ አለ። አጎቴ ጣውላውን አንሥቶ ጥግ አስደገፈው። ከዚያ ዐርባ ዓመት እንዳደረገው ቀኝ መዳፉን ወደ ቢላው ሰድዶ ሰጋቱራውን መጥረግ ጀመረ። ሶኬቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። "ጋሼ!" ልለው አፌን ስከፍት፣ ከራሱ በላይ ያለው አምፖል ቦግ አለ።

ማሽኑ አልተነሣም።

አጎቴ አምፖሉን አየ። እጁን አየ። ከቢላው ላይ ቀስ ብሎ አነሣው። እትዬ ሽታዬ በሩ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

"ጋሼ፣ መብራት መጥቷል እኮ" አለ አበባው ምንም ሳያውቅ። "ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?"

"አልተበላሸም" አለ አጎቴ። "እኔን እየጠበቀ ነው።"

አበባው ጠረጴዛውን፣ ያለቀውን ጣውላ፣ ከዚያም የያዘውን ገመድ አየ። ገመዱን ወደ ከረጢቱ ከተተው።

"እንኳን እግዜር ማረዎት" አለ። "እኔ ልሂድ።"

"ባዶ እጅህንማ አትሄድም፤ ቃል ሰጥቼህ የለ?" አጎቴ ከግድግዳው ላይ የአባቱን ረጅም መላጊያ በግራ እጁ አወረደው፤ እጀታው ከመታሸት የተነሣ ያብረቀርቃል። ትንሽ ያዘው። "ይሄ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ውሰደው።"

አበባው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለው።

አጎቴ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። "ሶኬቱን ሳይነቅሉ ነበር እኮ የጠረጉት" አልኩት፤ ዝም ማለት አቃተኝ።

"አይቻለሁ" አለ። "ከእንግዲህ እነቅላለሁ። ረሳሁ ብልህ ደግሞ አትደነቅ።"

አረንጓዴውን በመዳፉ ተጫነው። እትዬ ሽታዬ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ የነበረውን የሽሮ ጣሳ ክዳን አነሣች፤ ሰጋቱራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ይዛው ወደ ጓዳ ገባች።